ቀዝቃዛው ካሜራ

ካሜራ ጠጋኟ ያገለገለ ካሜራ ሲመጣላት ከሌንሱ በፊት ሻጩን ታያለች። የዛሬውን ካሜራ ወንድሟ ገዝቶ ከዋክብት ሊያነሳበት ቋምጧል። ልትፈትነው ሌንሱን እንደከደነች ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ፎቶ አነሳች፤ ምስሉ ድፍን ጥቁር ወጣ።

“ይኸው፣ ንጹሕ ነው! አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ” አለ ወንድሟ።

ካሜራው ግን እጇን አቀዘቀዛት። በዚህ ሙቀት ከፍሪጅ ካልወጣ በቀር እንዲህ አይበርድም። ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ደግሞ ሲቀዘቅዝ የተበላሹ ነጥቦቹን ይደብቃል፤ በጨለማ ውስጥ የሚያበሩት ሲሞቅ ነው!

“ትንሽ ይሙቅና እንደግመዋለን” አለች።

“እቸኩላለሁ እኮ፣ እህቴ” አለ ሻጩ ግንባሩን እየጠረገ።

“ቁጭ በል፣ ወንድሜ” አለችው ሻጩን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሌንሱ እንደተከደነ ደግማ ስታነሳ፣ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ስክሪኑን ሞላው።

ወንድሟ ካሜራውን ለሻጩ መለሰለት። “ከዋክብቱን አንተው ቀድመህ ሞልተህበታል፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ?”