ለሬዲዮ ጣቢያዬ የተጠራው ዋስ

ሌላው ሰው መጠጥ ይወዳል፣ ካርታ ይጫወታል፤ እኔን የያዘኝ አባዜ ሬዲዮ ነበር። መስማቱ ሳይሆን ማውራቱ። በገዛ እጅ በሠሩት ማሰራጫ፣ በማያውቁት አገር ከተቀመጠ መሰል እብድ ጋር በሞርስ ምልክት ሰላም መባባል፤ አማተር ሬዲዮ የሚሉት ይኼው ነው። ዘመኑ ደግሞ ደርግ ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ጊዜ፣ እኔ ከባሕር ማዶ ለማውራት ፈቃድ ልጠይቅ ተነሳሁ። ባለቤቴ ይኼን ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መታሰር አምሮህ ከሆነ ለምን እዚህ ቀበሌ ሄደህ አትሳደብም? መንገዱም አጭር ነው» አለችኝ።

ፈቃዱ ግን ነበር፤ አልፎ አልፎም ይሰጣል ይባል ነበር። የሚጠየቀው ጣጣ ሚኒስትር ለመሆን እንጂ ሬዲዮ ለመነካካት አይመስልም። የሞርስ ፈተና አለ፣ የኤሌክትሪክ ፈተና አለ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አለ፤ በመጨረሻ ተቆጣጣሪ ቤት ድረስ መጥቶ ጣቢያውን ይመረምራል። እሱ እስኪያይ ድረስ መሣሪያውን መሥራት ይቻላል፤ ማሰራጨት ክልክል ነው። ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎ ዋስ ጥራ ይላሉ። አመልካቹ ፈቃድ ሳያገኝ ቢያሰራጭ ዋሱም አብሮ ይጠየቃል።

ፈተናዎቹን አለፍኩ። ኮተቤ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩና ባላልፍ ነበር ጉዱ። ያቃተኝ ዋሱ ነው። «ሬዲዮ» የሚለውን ቃል ገና ስጠራ ባልደረቦቼ ሁሉ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ ይላቸዋል፤ አንዱማ እዚያው ፊቴ ታመመ። መጨረሻ ላይ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈራችን ሲግናል ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ሐጂ» የሚላቸው፣ ልጆቻቸው የሚበዙ፣ ቀልዳቸውም እንደዚያው የሚበዛ ሰው ነበሩ።

«ምንድን ነው የምዋሰው?» አሉኝ ሚዛናቸውን እየወለወሉ።

«ፈቃድ ሳላገኝ በሬዲዮ እንደማላወራ ነው፣ ሐጂ።»

«አንተ? ክብሪት ልትገዛ መጥተህ ሶላት የምታሳልፍብኝ ሰውዬ?»

«ያ በአፍ ነው፤ ይኼ በጣት ነው።»

«እንግዲያው ጣትህን ልመን። ለአፍህ ቢሆን አልፈርምም ነበር።» ሳቁና ፈረሙልኝ።

ጣቴም ከአፌ አልተሻለም። አንቴናዬን ከቆርቆሮው ጣሪያ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ዘርግቼ፣ ተቆጣጣሪው እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነበረብኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ፣ መሥራት አለመሥራቱን ልይ ብዬ የሞርስ መምቻዋን ነካ ነካ አደረግኳት። «የሚሰማኝ አለ?» ማለቴ ነው። መልስ የለም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ሞከርኩ። መልስ የለም። ጥፋቱን በእንጦጦ ላይ ጣልኩት። ሰሜኑን ጋርዶ የቆመው ያ ተራራ ምልክቴን እየዋጠብኝ ነው ብዬ፣ አመሻሽ ላይ በመስኮት በኩል እገላምጠው ነበር።

ኋላ ግን ደስ የሚል ወሬ ሰማሁ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ የምሽት ዜና ሲደርስ መንጣጣት ጀመረ ተባለ። ጎረቤቶቼ ሬዲዮናቸውን በጥፊ እየመቱ ሲራገሙ እኔ በሆዴ እስቃለሁ። አመሻሽ ላይ የምነካካው እኔ፣ አመሻሽ ላይ የሚንጣጣው የእነሱ፤ መሣሪያዬ ይሠራል ማለት አይደል? ዓለም ባይሰማኝ ሲግናል ሰምቶኛል። እንዲህ ያለ ኩራት የሚመጣው ከጅል ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የተማርኩ ጅል ነበርኩ።

ኩራቴ የቀበሌው ሊቀመንበር በሬን እስኪያንኳኳ ድረስ ቆየ። ገብቶ ሰላም ሳይል ሽቦዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካው።

«መምህር፣ የመንግሥትን ዜና ሕዝቡ እንዳይሰማ የሚያውክ አለ እየተባለ ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ ፈቃድ ጠይቄአለሁ።»

«ጠየቅክ። አገኘህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ በሩ ዞረ።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ዋስህም ይገኙ።»

ለራሴ የፈራሁት ፍርሃት አንድ ነገር ነው፤ «ዋስህም» ሲል የፈራሁት ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ለጥያቄ የተፈለገ ሰው ለራት ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሐጂ ፊቴን አይተው ገና ሳልናገር ገባቸው።

«ነካካኸው?»

«ትንሽ።»

የያዙትን ስኳር አስቀመጡ። «ለልጆቼ ምን ልበላቸው?» አሉኝ። «አባታችሁ በሰው ጣት ታሰረ ልበላቸው?» ቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ትሑት፣ ለስለስ ብሎ የሚናገር መሐንዲስ ነው፤ እንዲህ ያለው ይበልጥ ያስፈራል። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመ፤ ሐጂ ጥግ ይዘው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። መሐንዲሱ ከሻንጣው በሽቦ ቀለበት የታሰረች ትንሽ አምፖል አወጣ።

«መሣሪያው የሚያሰራጭ ከሆነ ይህችን ሳስጠጋት ትበራለች» አለ። «በሉ ይምቱ።»

መታሁ። ከፍርሃት የተነሳ የላክሁት ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። አምፖሏ አልበራችም። ይበልጥ አስጠጋት፤ አልበራችም። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ረጅም ጊዜ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይኼን ማን አስተማርዎት?»

«ራሴ ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለ፤ እንዲያውም በአክብሮት። «ከዚህ ወደ አንቴናው የሚሄድ ምንም ነገር የለም። ይሞቃል፤ ሽሮ ሊያሞቅም ይችላል። ማሰራጨት ግን አንድም ቀን አላሰራጨም።»

ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ፣ «መምህር፣ የምታስተምረው ምን ነበር?» አለኝ።

«ፊዚክስ።»

«አላህ ልጆቹን ይጠብቅ!» አሉ ሐጂ፤ ከትናንት ጀምሮ የያዙትን ትንፋሽ አብረው ለቀቁት። አምፖሏን መሳም አማረኝ። በዕድሜዬ ሙያ ቢስነቴን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ታዲያ ሬዲዮኑን የሚያንጣጣው ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ባዶ እጁን መመለስ አልፈለገም።

የዜናው ሰዓት ተቃርቦ ነበር። መሐንዲሱ በእጁ የሚያዝ ሬዲዮ ከፍቶ ግቢውን ይዞር ጀመር። ከጓሮው ሲርቅ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ወደ ሱቁ ግድግዳ ሲጠጋ ይብሳል። ተከትለነው ሱቅ ገባን። ከለስላሳ ሳጥኖች ኋላ የሐጂ አሮጌ ፍሪጅ እያቃሰተ ቆሟል። ሐጂ የመብራት ሒሳብ እንዳይበዛ ቀን ይነቅሉትና ከሥራ ለሚመለስ ደንበኛ ለስላሳ እንዲቀዘቅዝ አመሻሽ ላይ ይሰኩታል። መሐንዲሱ ነቀለው፤ ዜና አንባቢው ጥርት ብሎ ተሰማ። ሰካው፤ ጭርርር። አሁን የሐጂ ፊት ነጣ።

«የመንግሥትን ዜና የሚያፍነው የእርስዎ ፍሪጅ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ እኮ ዋስ ነኝ!» አሉ ሐጂ።

መሐንዲሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ሞተሩ ያረጀ እንደሆነ፣ ወንጀል እንዳልሆነ፣ እስኪጠገን በዜና ሰዓት ቢነቀል እንደሚበቃ አስረዳ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና፣ «ለመነቀሉ ዋስ ማነው?» አለ።

ልክ እንደ ተማሪዎቼ እጄን አወጣሁ። «እኔ ነኝ።»

«መምህር፣ አደራህን» አሉ ሐጂ፣ «መንቀል ብቻ! ውስጡን እንዳትነካካ!» ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ።

መሐንዲሱ ሲወጣ፣ ማመልከቻዬ ውድቅ እንደሆነ አዝኖ ነገረኝ። ለማያሰራጭ ጣቢያ ፈቃድ አይሰጥም። እጁን በሁለት እጄ ይዤ መረቅኩት፤ ፈቃድ ከልክሎ የተመረቀ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ እንጦጦ ራጉኤል ተሳልሜ ስወርድ፣ በሐሰት ለወነጀልኩት ተራራ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱም መልስ አልሰጠኝም፤ ለምጄዋለሁ።

ፍሪጁ እስኪጠገን ድረስ የዜና ሰዓት ሲቃረብ ወደ ሱቁ ብቅ እል ነበር። ሶኬቱ መነቀሉን አይቼ ሳጥን ላይ ቁጭ ስል፣ ሐጂ አንድ ለስላሳ ከፍተው ያቀብሉኛል።

«ለብ ብሏል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዋሱ አንተ» አሉኝ። «ጠጣ!»