ድኩላው የወሰደው ጋቢ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም! ከይጁቤ በታች፣ ድኩላ ውኃ ሊጠጣ በሚወርድበት የወንዝ መሻገሪያ እኔና አጎቴ አድፍጠናል። እኔ ባለቤቴ የፈተለችልኝን ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ገና ጎህ ሲቀድ መጣላችሁ፤ ቀንዱ ጦር የመሰለ አውራ! ተኮስኩ። ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ።

"ሩጥ!" አለ አጎቴ። "ባርከህ ሳታርደው ከሞተ በክት ነው፤ ለአሞራ መተዋችን ነው!"

ጠመንጃዬን ጥዬ፣ ቢላዬን መዝዤ፣ ውኃውን እያንቦጫረቅኩ ሄጄ ተከመርኩበት። ቀንዱን ጨብጬ "በስመ አብ ወወልድ" ስል ዓይኑን ገልጦ አየኝ። "ወመንፈስ ቅዱስ" ሳልል ብድግ! ለካስ ጥይቱ አልነካውም፤ በተኩሱ ደንግጦ ድንጋዩ አንሸራቶት ኖሯል። እኔን ውኃው ውስጥ ዘርሮ፣ ጋቢዬን በቀንዱ አንጠልጥሎ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ገባ። እዚያ የገባ አውሬ ደግሞ የታቦቱ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ለባለቤቴ "ጋቢውን ወንዝ ወሰደው" አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ያንኑ ጋቢ ከፍ አድርገው ያዙ።

"ስሙን ያልገለጸ ሰው አጥራችን ላይ ሰቅሎልን ሄዷል። ባለ ስለቱ ይቁምና እንመርቀው!"

አንገቴን ደፋሁ። ከሴቶቹ መካከል ግን እልልታ ቀለጠ።

"የኔ ባል ነው! የፈተልኩትን አጣዋለሁ? ወንዝ ወሰደው ያለኝ ለካስ በስውር ሊሰጥ ኖሯል!"

ምን ላድርግ? ቆምኩ። ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ።

"ልጄ፣ የተመኘኸውን ደጅህ ድረስ ያምጣልህ!"

ከሕዝቡ ሁሉ በላይ "አሜን!" ብሎ የጮኸው አጎቴ ነበር።