ከማጠቢያው ቤት እስከ ትልቁ ቤት

ሰፈርተኛው «እማማ እለፉ» ይላቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ጠባብ በር ወይም የኮሪደር መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ከግድግዳው ይለጥፉና፣ ፊት ለፊታቸው ማንም ሳይኖር፣ «እለፉ» ይላሉ። አንድ ሰው ከነሸክሙ የሚያልፍበትን ያህል ቆመው ከጠበቁ በኋላ ይራመዳሉ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው «እሳቸው እኮ ለነፋስም መንገድ የሚለቁ ጨዋ ናቸው» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ግን ለማንም አልተነፈሱም። ሆድ ይፍጀው ብለው ከያዙት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

የጣቶቻቸው ጫፍ ሳሙና የበላው፣ ለስላሳና ነጭ ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ሰፊ ርስት ላይ፣ መጀመሪያ ብቻቸውን ኋላም ከታናሽ እህታቸው ጋር ልብስ አጥበዋል። ማጠቢያው ቤት ከኮረብታው ግርጌ፣ ሠላሳ አንድ ክፍል ያለው ትልቁ ቤት ደግሞ ከአናቱ ላይ ነው። እንግዶች ሻይ በሚጠጡበት የአትክልት ቦታ መሐል ያደፈ አንሶላ ተሸክሞ ማለፍ ነውር ስለነበር፣ ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ መተላለፊያ ከመሬት በታች ተቆፍሯል። አጣቢዎቹ «ጉሮሮው» ይሉታል። ርዝመቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። የላምባ ጥቀርሻ የታጠበውን ልብስ ያጠቁራል ተብሎ መብራት ይዞ መግባት ክልክል ነበር።

ስለዚህ በቃል ይሄዱ ነበር። ሸክም የያዘች «ሙሉ!» ብላ ትጣራለች፤ ያልያዘች «ባዶ!» ትላለች። ባዶዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታሳልፋለች። ሁለቱም ሙሉ ከሆኑ ግን ስፋቱ አይበቃቸውም። ያን ጊዜ የታጠበ ይዛ የምትወጣዋ ትቀጥላለች፤ ያደፈ ይዛ የምትወርደዋ ግድግዳው ውስጥ ወደተቦረቦረው ሥርጉድ፣ እነሱ «ብብት» ወደሚሉት፣ ገብታ ትቆማለች። «ንጹሕ ለእድፍ አይለቅም» ትል ነበር አለቃቸው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሰው ዓይኑ ቃሉ ነው። መዋሸት ይቻላል ብሎ ያሰበ እንኳ አልነበረም።

እህታቸው እዚያው ሞተች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነበርና እሳቸው አሳደጓት። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። ልጅቷ ተምራ መዝገብ ቤት ገባች፤ ቤቷም ከእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሳታያቸው አታልፍም።

ርስቱ ባለቤቶቹ ከተበታተኑ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ሊሸጥ ሲል ወረቀቱ ሁሉ በሣጥን ተጭኖ፣ የአይጥ ሽታውን እንደያዘ፣ ልጅቷ ቢሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ ገልብጣ ያመጣችውን አንድ መስመር ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበችላቸው።

«‹አጣቢዋ በራሷ ዝንጉነት የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ሞታለች።› ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።»

አክስቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እሷ አልዘነጋችም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እዚያ ውሰጂኝ።»

«አክስቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጉሮሮውን አፈር ሊሞሉት ነው።»

«እንግዲያው ነገ ውሰጂኝ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ዝም ካሉ እህታቸው ለዘላለም ዝንጉ ተብላ ትቀራለች። ከተናገሩ ደግሞ ያቺን አንዲት ልጅ ያጣሉ። መሐል መንገድ የለውም።

እሑድ ረፋድ ላይ በአውቶቡስ ደረሱ። በሩ ላይ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ዘበኛ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተቀምጧል። የልጅቷን የፈቃድ ደብዳቤ ገልብጦ ያዘው።

«እማማ፣ እዚህ ፍርስራሽ ውስጥ ምን ጥለው ነው?»

«ወጣትነቴን።»

«እሱንማ እኔም እዚሁ ነው የጣልኩት። ካገኙት የእኔንም ይዘውልኝ ይውጡ፤ ምልክቱ ጥርስ አለው።»

ማጠቢያው ቤት ጣሪያው ግማሹ ወርዷል። ስድስቱ የድንጋይ ገንዳዎች በደረቀ ቅጠል ተሞልተዋል። ገመድ ይታሰርባቸው የነበሩት ቀለበቶች ዝገው ግድግዳው ላይ ቡናማ እንባ አውርደዋል። ከመጨረሻው ገንዳ ጀርባ ያለውን የእንጨት በር ልጅቷ በትከሻዋ ገፋችው። ከውስጥ የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲጠብቃቸው የኖረ ይመስል ፊታቸውን ነካው።

ልጅቷ ባትሪዋን አበራች። በሜትር እየለካች በደብተሯ ትጽፋለች፤ ስፋት፣ ቁመት፣ የድንጋዩ ዓይነት። አክስቷ መብራቱን አልፈለጉትም። ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። በወገብ ቁመት ላይ ድንጋዩ በብዙ ሴቶች መዳፍ ተፍቆ እንደ ሳህን ልሟል።

«እዚህ ጋ ጎንበስ በይ» አሉ ሳያዩ። ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ጣሪያው አናቷን ሊነካት ምንም አልቀረውም።

እርምጃቸው ከፊታቸው እየመታ ይመለሳል። ሁለት ሰው ናቸው፤ የሚሰማው ግን የሁለት ሰው አልነበረም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ቆማ ባትሪውን ወደ ኋላ አዞረች፤ እርጥብ ድንጋይ ብቻ። አክስቷ ድንገት በወጣት ድምፅ «ባዶ!» ብለው ተጣሩና ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አየሩ ተንቀሳቀሰ። የሳሙና ሽታ አለፈ፣ ትኩስ፣ አሁን ከገንዳ የወጣ አንሶላ የሚሸተው ዓይነት። ልጅቷም ሸተታት። ሽታ በሜትር አይለካምና ደብተሯ ላይ አላሰፈረችውም።

ሦስተኛው ብብት ላይ አሮጊቷ ቆሙ። ወለሉ ላይ የውኃ ጉድጓድ የሚከድን ብረት አለ፤ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኗል።

«እዚህ ነው። ያን ጊዜ ክዳኑ እንጨት ነበር።»

ልጅቷ ብርሃኑን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

«ያን ዕለት ጠዋት እናትሽ እየዘለለች መጣች። ከነገ ጀምሮ መተኮሻ ክፍል ልትገባ ነው። መስኮት ያለው ክፍል ነው፣ ልጄ። ‹ፀሐይ ላይ ልሠራ ነው› አለችኝ። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ቀድሜያት ነው የገባሁት። ‹እሰይ› አልኳት። በአፌ።»

«እሺ።»

«ከዚያ እሷ እድፍ ይዛ ስትወርድ፣ እኔ ባዶ ቅርጫት ይዤ ስወጣ ተገናኘን። ‹ሙሉ!› አለች። እኔም ‹ሙሉ!› አልኩ።»

«ባዶ ነበርሽ።»

«ባዶ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ እሷ ትቁምልኝ ብዬ ነው። በሕጉ መሠረት ወደ ብብቱ ገባች። ጉድጓድ ጠራጊዎቹ ክዳኑን አንስተውት ኖሯል፤ እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅሁ። ጩኸት አልነበረም። ቅርጫቷ ድንጋይ ሲመታ ብቻ ሰማሁ።»

«ከዚያስ?»

«ያኮረፈች መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ‹ቀልዴን ነው፣ ነይ እለፊ› አልኳት። ጠበቅሁ። ‹እለፊ እንጂ› አልኩ። አላለፈችም።»

ልጅቷ ባትሪውን አጠፋች። በጨለማው ውስጥ የሁለቱ ትንፋሽ፣ ከሥር ደግሞ፣ ከብረቱ በታች፣ የውኃ ጠብታ ይሰማ ነበር። «እንውጣ» አለች። ክንዳቸውን አልያዘችም። አውቶቡስ ላይ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

በማግሥቱ ማታ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን፣ በሰባተኛውም አልመጣችም። አሮጊቷ አንድ ሰሐን ማጠብ ለመዱ። ልብስ ሰፊው «ልጅዎ ጠፋች፤ ሹመት አገኘች እንዴ?» ሲላቸው «ሥራ በዝቶባት ነው» አሉት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ዓይኖቿ አብጠዋል፤ በእጇ የተተየበ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዛለች። ሳትቀመጥ አነበበች። «‹... የሟች ታላቅ እህት፣ ሸክም ሳይኖራቸው፣ በመካከላቸው በነበረ ቁጣ ምክንያት፣ ሙሉ ነኝ ብለው በመጣራታቸው ...›»

«ቁጣ አልነበረም።»

«ምን ልበል?»

«ቅናት በይ።»

«ቁጣ ይሻላል። ለአንቺ ይሻልሻል።»

«ለእኔ የሚሻለኝን ማን ጠየቀሽ? ድንጋይ በሜትር የምትለኪ ልጅ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ በግምት ልታልፊኝ ነው?»

ልጅቷ ቃሉን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ ጻፈች። ኅዳጉ ላይ ፈረመች። አክስቷ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«የድሮውስ መስመር ይፋቃል?»

«መዝገብ አይፋቅም። ይሄ ከጎኑ ይያያዛል። ያንን ያነበበ ይሄንንም ያነባል።»

«አንቺስ ዘንድ የት ይቀመጣል?»

«ገና አላወቅሁም» አለች ልጅቷ፤ እያለቀሰች ነበር። «አታስቸኩይኝ።»

«አላስቸኩልሽም።»

ልጅቷ የአሮጊቷን ጣት በእርጥብ ጨርቅ ልትጠርግ ሞከረች። ቀለሙ ተሰራጨ እንጂ አልለቀቀም።

«በውኃ አይሆንም» አሉ አክስቷ። «መደርደሪያው ላይ ሎሚ አለ። መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ሳሙና።»

ልጅቷ ሎሚውን ለሁለት ቆርጣ አመጣች። ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች።

«ቀስ በይ፤ ጣት ነው እንጂ አንሶላ አይደለም።»

ልጅቷ አልሳቀችም። የተጨመቀውን ግማሽ አስቀምጣ፣ ሌላኛውን ግማሽ አንስታ ቀጠለች።