«ወይን ነው» ያለው ኡርጌሳ

ስዊድን ውስጥ የአካላ ሰፈር ነዋሪው ኡርጌሳ መጠጥ በሚሸጥበት በሲስተምቡላጌት ደጃፍ ሲያልፍ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ነው። አንድ ቀን ወረፋው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተዘርግቶ ኖሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ ሊወድቅ ሲል ደረሱለት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ መጠጥ ያስተማረ ዕለት የአካላ እናቶች ኮምጣጤያቸውን ሳይቀር ደፉ ይባላል።

ታዲያ ሶለንቱና ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከብበት መሥሪያ ቤት አምሳኛ የልደት ዓመቱን ሲያከብርለት አንድ ጠርሙስ የአውስትራሊያ ነጭ ወይን ሰጠው። ከቅድመ አያት ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ጥምቅ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ መሥራቹ ሽማግሌ ከነጢማቸው ተስለው «እምቢ ብትል እንቀየማለን» የሚሉ ይመስላሉ። ኡርጌሳ በስዊድንኛ እምቢታ አልመጣለትምና «ታክ!» ብሎ አመስግኖ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ከሥራ በቀጥታ ወደ ጸሎት ሄደ። የጌታ እራት የሚያሰናዱት እማማ ከበደች የጠርሙሱን አንገት አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወይን ነው፣ እማማ።»

«የወይን ጭማቂ! ተባረክ! ለእሑድ አልቆብኝ ስጨነቅ ነበር።»

ክዳኑ ቡሽ ሳይሆን እንደ ለስላሳ የሚዞር ነው፤ መነጽራቸው ቤት ቀርቷል፤ አፍንጫቸውን ጉንፋን ዘግቶታል። ፍሪጅ ውስጥ ከተቱት።

«እማማ፣ እርስዎ…» ብሎ ጀመረ። ኮምጣጤ ያስደፋ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሊገኝ! ቦርሳውን ዘግቶ ወደ ጸሎቱ ገባ። እሑድ በማለዳ አወጣዋለሁ ብሎ መጣ፤ እማማ ከማለዳም ቀድመው ቀድተው ጨርሰዋል።

ትንንሾቹ ኩባያዎች ሲታደሉ የኡርጌሳ ዓይን ወንድም ይገዙ ላይ ተተከለ። ይገዙ መጠጥ ትቶ ሲንቀጠቀጥ፣ እጁን ይዞ የጸለየለት እሱ ራሱ ነው። ሐኪሙም «ጠብታ እንኳ እንዳትቀምስ» ብሎታል። አሁን ኩባያው ይገዙ እጅ ላይ ነው።

ኡርጌሳ ብድግ አለ። «ወይን ነው!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«እውነተኛ ወይን ነው እኮ!»

«አሜን! ሃሌ ሉያ!» አንዲት እህት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የሚያሰክር ነው! እኔ ነኝ ያመጣሁት! ይገዙ፣ አትጠጣ!»

አሜን ጠፋ። ይገዙ ኩባያውን ቀስ ብሎ ወንበሩ ሥር አስቀመጠ።

«ገና ስቀበለው ከሽታው አውቄዋለሁ» አለ። «አንተም እንደምታውቅ ፊትህ ላይ አየሁ። ዝም ይለኝ ይሆን ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

እማማ ከበደች ተነሡ። «አንተ ልጅ! ወይን ነው አላልከኝም?»

«ነው እኮ፣ እማማ።»

ኡርጌሳ እውነት ተናግሮ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ኩባያዎቹን ሰብስቦ ማጠቢያው ላይ ሲደፋ፣ ትንፋሹን መያዝ እንኳ ረሳ።