ልል ትከሻዬ የጸናበት መንገድ

ወገኖቼ፣ ጌታ በትከሻዬ ላይ ያደረገውን ልናገር ነው የቆምኩት። የማትወዱትም አለበት፤ ሳልጨርስ ግን ማይኩን አልሰጥም።

እዚህ መቱ ማር ነጋዴ ነኝ። ከሁሩሙ ገበያ በጀሪካን እየገዛሁ አመጣለሁ። መገጣጠሚያዬ ከልጅነቴ ልል ነው፤ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴ ላይ አስተኛለሁ። ጌታን ሳላውቅ በዚህ እየተወራረድኩ ስንት ብርሌ ጠጅ ጠጥቻለሁ። ስጦታ መስሎኝ ነበር።

ኋላ ጀሪካን ባነሳሁ ቁጥር ትከሻዬ ይወልቅ ጀመር። ወጌሻው ይመልሰዋል፣ በሳምንቱ ይወልቃል። ባለቤቴ «ሱቁን እንዝጋው ወይስ ማሩ ራሱ ሚዛን ላይ ይውጣ?» አለችኝ። በዚያ ጭንቀት ወደዚህ ቤት መጣሁ፤ ጌታንም ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ።

ከዚያ የሆነውን አይታችኋል። እንግዳው አገልጋይ ጸለየልኝና «ድነሃል፤ ሰይጣን እንዲያፍር ክንድህን አሽከርክር» አለኝ። እናንተ እልል አላችሁ፣ እኔ አሽከረከርኩ። በሦስተኛው ዙር ወለቀ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ «እምነት ጎደለው» አላችሁኝ።

እኔም ጸሎቴን ሳልተው ሆስፒታል ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዳሰሰችኝና «ጋሼ፣ ጅማትዎ ልል ነው። እሱን ማጥበቅ አልችልም፤ ዙሪያው ያለውን ጡንቻ ግን ዘብ እናደርገዋለን» አለች።

«እንዲፍታታ ልሳበው?»

«ኧረ አይሳቡት! የበዛበት መፍታታት አይደል? ክንድዎ መጨረሻው ጋ ሳይደርስ ያቁሙ። ካመመዎትም ይተዉት።»

ግድግዳ በቀስታ እንድገፋ፣ ከጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በጥቂቱ እንድስብ አዘዘችኝ። ባለቤቴ «የሰው ግድግዳ እንዳትጥል» እያለች ሳቀችብኝ። ወራት ፈጀ። መጀመሪያ ባዶ ጀሪካን፣ ቀጥሎ ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን አነሳሁ። ዛሬም ከግማሽ አላልፍም፤ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ትከሻዬ ቦታው ላይ ነው፣ ሱቁም ክፍት ነው። ተመስገን።

«ታዲያ ያዳነህ ስፖርቱ ነው ወይስ ጌታ?» የምትሉኝ አላችሁ። ጡንቻውን ማን ፈጠረው? ሚዛኑ እስኪረጋ መታገሥ ለማልችለው ለእኔ፣ የወራት ትዕግሥት ማን ሰጠኝ? ስዘምር እጄን እስከ ጆሮዬ ብቻ አነሳለሁ። ጌታ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

እንደኔ መገጣጠሚያው የሚወልቅበት ካለ፣ ጌታን ይመን፤ እኔን አልጣለኝም። መዳኑን በክንዱ እንዲያሳይ እዚህ መድረክ ላይ ካዘዙት ግን እምቢ ይበል። አጠገቡ እቆማለሁ።