አሥራ አንደኛው ማሊያ፦ ከጂዛን እስከ አሽ-ሹቀይቅ

ሐሙስ ንጋት፣ ጂዛን

ኡም ሳሊም በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ይማም ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ እየጨመረ ነው። ሙሄ ሽርጡን አሸርጦ፣ ትናንት ከፈይፋ ተራራ ይዞት የወረደውን የቡና ከረጢት እግሩ ሥር አድርጎ ከግቢው በር አጠገብ ቆሟል። እኔ ደረጃው ላይ ነኝ፤ በአንድ እጄ የምሳ ዘንቢል፣ በሌላው የቡድናችንን ኮፍያ ይዣለሁ። ሌላ ሰው የለም። ሰማዩ ገና አልቀላም፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞን ተነሥቷል።

በዚህ አገር ሐሙስና ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። የምሠራበት ቤት እመቤት ኡም ሳሊም በሐሙስ ቀን የባሕር አየር መውሰድ ይወዳሉ። ታናሽ ወንድማቸው አቡ ነስር አሽ-ሹቀይቅ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው። ዛሬ የምንሄደው እሱ ዘንድ ነው። እሳቸው ለዓሣ፣ እኛ ለኳስ።

ወንዝ ዳር የሚባለው ቡድናችን ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። የመኖች በብዛት ከዚህ ከወጡ ወዲህ በዳማድ መንደር እርሻዎች የገቡ የወሎ ልጆች ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ጀመሩት። ኳሱም ማሊያውም የገበሬው፣ የእረኛው፣ የሹፌሩና የእኛ የቤት ሠራተኞች መዋጮ ነው። ሳዑዲ ዓለም ዋንጫ ከደረሰች በኋላ በየመንደሩ ቡድን ስለፈላ ጨዋታ አናጣም።

ሕጋችን ከአገር ቤት ቅርጫ የመጣ ነው። አሥሩን ተጫዋች አምበሉ ይመርጣል፤ አሥራ አንደኛው ማሊያ ግን በዕጣ ይወጣል። አባል የሆነ ሁሉ አንድ ምልክት ኮፍያው ውስጥ ይጥላል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የተምር ፍሬ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቻለም አልቻለም ሙሉ ጨዋታውን ይሰለፋል። አዲስ የመጣ ተጫዋች ደግሞ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ዓመት እስኪሞላው የሚገባው በዚሁ ዕጣ ብቻ ነው። ዕጣውን የማወጣው እኔ ነኝ። ሴት ስለሆንኩ አልጫወትም፤ እነሱ በአብዛኛው ሙስሊሞች፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ደግሞ የማንም ዘመድ አይደለሁም። ሥጋውን አብረን ባንበላም ዕጣውን አብረን እንጥላለን።

ፈይፋ ላይ ቡና የሚለቅመው ሙሄ ምልክቱ የቡና ፍሬ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢሆንም አንድም ቀን ወጥቶለት አያውቅም።

«አስካለ፣ ዛሬም ቡናዬን ከታች እንዳትቀብሪብኝ» አለኝ መኪና ስንገባ።

«የምትጥለው አንተ ራስህ።»

«ወላሂ ኮፍያው ይጠላኛል።»

ይማም ሞተሩን እያስነሣ ሳቀ። «ኮፍያው አይደለም አባባ ሙሄ፤ በረኛው ነው የሚጠላህ።» በረኛው ራሱ ይማም ነው።

«አንተን ብሎ በረኛ! ያንተን ጎል ፍየል ሳይቀር ያገባበታል።»

ኡም ሳሊም ምን እንደሚያስቃቸው በዐረብኛ ጠየቁኝ። ስለ ፍየል ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ረፋድ፣ ሳብያ

መንገዱ ሜዳ ነው። በግራና በቀኝ የማሽላ እርሻ፣ አልፎ አልፎ የጎጆ ቤት፣ ከዚያ በአቧራ የደበዘዘ ፀሐይ። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ኢቃማ» አለ። የመኖሪያ ደብተራችንን ሰጠነው። የሙሄን ሲያገላብጥ ቆየና ወደየት ነህ አለው።

«ኳስ ልጫወት» አለ ሙሄ።

ወታደሩ ሽበቱን አየና ደብተሩን መለሰለት። «አላህ ይርዳህ» ብሎ እጁን ወደፊት ወረወረ።

ሳብያ ገበያ ዳር የዳማድ ልጆች በፒክአፕ ቀድመውን ደርሰዋል። ከኋላ ታጭቀው፣ ማሊያቸውን በከረጢት ይዘው ይዘፍናሉ። ከአንድ ምግብ ቤት ፉልና ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ገዛን፤ ለሁለት ሪያል የማይጨረስ ነው። ለኡም ሳሊም ወተት ያለው ሻይ መኪናው ድረስ ወሰድኩ። አንድ ሽማግሌ ነጭ አበባ በክር ሰክቶ ይሸጣል፤ እሳቸው አንዱን ገዝተው አንገታቸው ላይ አደረጉ።

አምበሉ ሰይድ ብርጭቆውን ይዞ አጠገቤ መጣ። ዳማድ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው። ጎል የሚያገባልን እሱ ነው።

«እማማ አስካለ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«ተናገር።»

«ከፊሌ፣ ወረቀቴን የያዘው አሠሪዬ፣ ፍየሎቹን ሊሸጥ ነው። ከኢድ በኋላ አልፈልግህም ብሎኛል። ሌላ አሠሪ ወረቀቴን ካልወሰደው ወደ አገር ቤት መላኬ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቡ ነስር ደግሞ፣ ካሸነፋችሁ ቡድኑን የኢድ ውድድር አስገባዋለሁ፤ የአንተንም ከፊልነት ወደ ራሴ አዛውራለሁ ብሏል።»

«እንግዲያስ አሸንፉ።»

«አዲሱ ልጅ ደረጀ፣ አዲስ አበባ ቀበሌ ቡድን ውስጥ የተጫወተው፣ እሱ ኋላ ላይ ቢቆምልን አያስገቡብንም ነበር። ግን ዓመት አልሞላውም፤ በዕጣ ብቻ ነው የሚገባው።» ብርጭቆውን አዟዟረ። «የሱ ምልክት ብሎን ነው። ብረት ነው እማማ። እጅዎ ሳይፈልገው ያገኘዋል።»

ሻይህ ይቀዘቅዛል አልኩት። ወደ መኪናው ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ፣ አሽ-ሹቀይቅ

መጀመሪያ የሚታየው የባሕር ውሃ የሚያጣራው ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው። ከዚያ ባሕሩ። ጀልባዎቹ ሰማያዊና ነጭ ናቸው፤ መረቡ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፤ የዓሣው ሽታ እስከ ራስ ቅል ይገባል። ሜዳው ጨው የበላው ጠፍ መሬት ሆኖ ሁለቱ ጎሎች ከውሃ ቧንቧ የተበየዱ ናቸው። ከኋላቸው አሮጌ የዓሣ መረብ ተወጥሯል። እንዲህ ያለ ጎል ዳማድ ላይ የለንም። ልጆቹ መረቡን እየነኩ ይሳሳቃሉ።

ተጋጣሚዎቻችን የወደቡ ሠራተኞች ናቸው፤ ሱዳኖችና ግብፆች፣ ጫማቸው ሁሉ ታኬታ ያለው። የእኛዎቹ ግማሹ በሸራ ጫማ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ ነው።

ይማም መኪናውን ከሜዳው ጥግ አቆመው። ከአስር ሰላት በኋላ ልጆቹ መጥተው ምልክታቸውን አንድ በአንድ ኮፍያው ውስጥ ጣሉ። ጀርባዬን አዞርኩ። ያን ጊዜ አቡ ነስር ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ እየተጣደፈ መጣ።

«ምንድነው ይሄ? ቁማር? በእኔ ሜዳ ላይ ቁማር ሐራም ነው!»

ሰይድ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ዐረብኛው አልበቃውም። ሙሄ ሥጋ ስንካፈል እንዲህ ነው ብሎ ጨመረበት፤ አቡ ነስር የምን ሥጋ አለ። ነገሩ ተበላሸ። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። የወደቡ ልጆች ኳሱን እያነጠሩ ይጠብቃሉ።

ኡም ሳሊም መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ አባታችን ጀልባው ሲገባ ዓሣውን እንዴት ነበር የሚያካፍለው?»

አቡ ነስር ወደ ጀልባዎቹ ዞረ። እሳቸው ቀጠሉ።

«እኩል እኩል ይከመር ነበር። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄ የማን ነው ሲባል ስም ይጠራል። ጀርባውን የሚሰጠው ማን ነበር?»

«እኔ» አለ አቡ ነስር።

«ቁማርተኛ ነበርክ?»

ልጆቹ ዐረብኛው ያልገባቸው ጭምር ሳቁ። አቡ ነስር እጁን አነሣ። «ኸላስ፣ ኸላስ። አውጡ።»

እጄን አስገባሁ። ብሎኑ ከላይ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቴን ነካው። ሰይድ ከፊት ለፊቴ ቆሞ ይታየኛል። እጄን እስከ ታች ሰደድኩና የመጀመሪያውን የያዝኩትን አወጣሁ።

የቡና ፍሬ ነው።

አስቀድሞ የጮኸው ይማም ነው፤ ከዚያ ሁሉም። ሙሄ አልጮኸም። ፍሬውን ከመዳፌ አንሥቶ አየውና አፉ ውስጥ ከተተው። ሰይድ አሥራ አንደኛውን ማሊያ በራሱ እጅ አለበሰው። ማሊያው ሆዱ ላይ አልወርድ ብሎ ሁለት ሰው ጎተተው።

ጨዋታው

ኳስ ሳይ ድምፅ አላወጣም። ዛሬ ግን የመኪናውን በር እጀታ ይዤ ስቆም እጀታው ሲንቋቋ ሰማሁት።

ሙሄን ቀኝ ጥግ ላይ አቆሙት። ሽርጡን ወደ ላይ ሸብ አድርጎ ማሊያውን ከላይ ለብሶ፣ አጥር እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆመ። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሱዳናዊ ኳሱን በቀኙ ሲያሳየው በግራው አለፈው። ሙሄ ወደ ቀኝ ሮጦ ሲቆም ኳሱ መረቡ ውስጥ ነበር።

«አባባ ሙሄ፣ ሰውየው ወዲያ ነው የሄደው!» ጮኸ ይማም መሬት ላይ ተኝቶ።

«አየሁት እኮ! አሁን አየሁት!»

ኡም ሳሊም ክርኔን ያዙኝ። «ያ ሽማግሌ የእናንተ ነው?» የእኛ ነው አልኳቸው። «እንግዲያስ ይሩጥ!» አሉና አበባውን ከአንገታቸው አውጥተው በመስኮት ያወዛውዙት ጀመር።

ከዕረፍት በኋላ ነፋስ ከባሕሩ ተነሣ። ኳሱ አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሙሄ እስከ ወገቡ ገብቶ አወጣው፤ ሽርጡ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። የወደቡ ልጆች ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡለት። ከዚያ ሰይድ ከመሀል ኳስ ተቀብሎ ሁለት ሰው አለፈና መታ። ኳሱ ቧንቧውን ነክቶ ገባ። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። የዳማድ ልጆች ጨው መሬቱ ላይ ተንከባለሉ፤ ሲነሡ ዱቄት የነካቸው ይመስላሉ።

የመግሪብ ሰላት ሊደርስ ሲል የማዕዘን ምት አገኘን። ሁሉም ጎል ፊት ተሰበሰበ፤ ሙሄ ብቻ ጥጉን አልለቅም ብሎ ብቻውን ኋላ ቀረ። ኳሱ ተሻማ፣ አንዱ ገጨው፣ በረኛቸው መለሰው፣ ሰይድ በጉልበቱ ይሁን በሆዱ እንጃ ገፍቶ አስገባው። እኔም ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ሁለት ለአንድ።

ማታ ሲሆን

አቡ ነስር የሰይድን ትከሻ አቅፎ ልጆቹን ሰበሰበ። ይማም ተረጎመ። አዲስ ማሊያ፣ ታኬታ ጫማ፣ የኢድ ውድድር ጂዛን ላይ፤ ለሰይድ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ሥራና የከፊልነት ዝውውር። ልጆቹ በደስታ ተገፋፉ።

«ግን ኮፍያው ይቀራል» አለ አቡ ነስር። «የሚሰለፈውን እኔ እመርጣለሁ። ይሄም ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጥ። ያላ፣ ተነጋገሩ።»

ትልቅ ነገር ሲመጣ ቡድናችን ወንዝ ዳር እጅ በማውጣት አይወስንም። እሺ ያለ በአንድ በኩል፣ እምቢ ያለ በሌላ በኩል ይቆማል። እሺታውም የሁሉም መሆን አለበት፤ ቅርጫ ላይ አንድ መደብ ሰው ካጣ በሬው አይታረድም። እሺ ያለ በባሕሩ በኩል፣ እምቢ ያለ በመኪናው በኩል ተባለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መጀመሪያ የሄደው ሙሄ ነው። እርጥብ ሽርጡን ሰብስቦ በባሕሩ በኩል ቆመ።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ አንዴ ተጫውቻለሁ፣ ይበቃኛል። የልጁ ወረቀት ይስተካከል።»

ይማም ተከተለው። ደረጀ ተከተለ። ከዚያ ሌላው ሁሉ አንገቱን እየደፋ ሄደ። መሀል ላይ ሰይድ ብቻ ቀረ። ሙሄን አየው፤ ማሊያው አሁንም ከሆዱ በላይ ነው። ሰይድ ዞረና ወደ መኪናው በኩል መጥቶ ብቻውን ቆመ።

«አንተ!» አለ ሙሄ። «ላንተ ብለን አይደል እንዴ!»

«እኔ እዚህ አገር እንድቀር አንተን ላስወጣ? አላደርገውም።»

«ደደብ ነህ ወላሂ።»

«ደደብ ነኝ። በሬው አይታረድም።»

ይማም ለአቡ ነስር ተረጎመለት። አቡ ነስር እጁን አራግፎ ወደ መጋዘኑ መንገድ ጀመረ። ሰይድ ጫማውን ለመፍታት ጎንበስ አለ፤ ክሩ አልፈታ አለው።

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። በኡም ሳሊም ቤት ከገባሁ ጀምሮ ምንም ለምኛቸው አላውቅም። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያም ለመንኳቸው።

እሳቸው ወንድማቸውን ጠሩት። እኔን ዓሣውን አምጪ ብለው ላኩኝ። መጋዘኑ ሩቅ አይደለም፤ ሲነጋገሩ የተናገሩትን ግን አልሰማሁም። ዓሣውን በበረዶ ይዤ ስመለስ አቡ ነስር ከሰይድ ፊት ቆሟል፤ ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው።

«ኢቃማህን።»

ሰይድ ደብተሩን ሰጠው። አቡ ነስር ገልጦ አየና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ቅዳሜ ከፈጅር ሰላት በኋላ መጋዘኑ ጋ ና። ለዓሣ ነው የምቀጥርህ። ለኳስ አይደለም። ማሊያም የለም፣ ጫማም የለም፣ ውድድርም የለም።» ወደ ሙሄ ዞረ። «አንተ ግን ቀኝህንና ግራህን ተማር።»

ሙሄ ሳቀ። ልጆቹ ሰይድን ከመሬት አነሡት።

አሁን ለአንዱ ለምኛለሁና ኮፍያውን ለሙሄ ሰጠሁት፤ ዕጣውን ሌላ ሰው ያውጣ። ኡም ሳሊም «ያላ» አሉ። ገባሁና በሩን ዘጋሁ።