ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያመጣል

የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። አሁን ጣቴ በሪህ ተቆልምሞ ፊርማዬ እንኳ አይታወቅም እንጂ፣ አቃቂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ማስታወቂያው፣ ጥሪ ወረቀቱ፣ የወላጅ በዓል መፈክሩ ሁሉ የሚሰጠው ለኔ ነበር። ምን ዋጋ አለው! እጄ ባያምር ኖሮ ያን ካርቶን አልጽፈውም ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ረግሜያለሁ።

መስከረም ላይ እያንዳንዱ መምህር ዓመታዊ ዕቅድ ያስገባል። ያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል ደረሰኝ። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ዕቅድ ነበር፤ እስከ ገና ሁሉም ልጅ አንድ ገጽ ሳይንተባተብ ያነባል፣ እስከ ፋሲካ የማባዛት ሠንጠረዡን በቃሉ ይወጣል፣ ምኑ ቅጡ። ከዕቅዱ ጋር የክፍሉን ደንብ በወፍራም ካርቶን ጽፌ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቀልኩ። ሰባት ደንብ ነበር። አራተኛው "ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያመጣል" ይላል። አምስተኛው ደግሞ "ከቆመ ባቡር ሥር መሹለክ ክልክል ነው"። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ጉዱን ወዲያው ያየው ነበር። እኔ የጻፍኩት ሴትዮ አላየሁትም።

ለማያውቅ ልንገር። ትምህርት ቤታችን ከሐዲዱ ወዲህ ነው፤ ግማሹ ልጅ የሚመጣው ከሐዲዱ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት የጭነት ባቡር ጣቢያው ላይ ይቆምና ፉርጎ ሲቀጥልና ሲፈታ መሻገሪያውን ይዘጋዋል። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት፤ እንደ ፈቀደው። ዘበኛችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ቁራጭ ሐዲድ በመዶሻ መደወል ሲጀምር፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው በፉርጎው ሥር ሹልክ ሹልክ ይላሉ። ጉልበታቸው ጥቁር ዘይት ነክቶት ነው ክፍል የሚገቡት። አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። በሰዓቱ ደርሰዋላ!

ከማዶ ከሚመጡት አንዲት ልጅ ብቻ ጉልበቷ ንጹሕ ነበር። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ የዩኒፎርሟ እጅጌ ያጠራት፣ ሦስተኛው ዴስክ ጥግ ላይ የምትቀመጥ። እስከ ገና ብዬ ያቀድኩትን ንባብ እሷ መስከረም ላይ ጨርሳው ነበር። ስታነብ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ይላል። ሰው አይቷት ደስ የሚለው ዓይነት ልጅ ነበረች፤ ለኔም ደስ ትለኝ ነበር፣ እግዜር ያያል።

በጥቅምት ሦስት ጊዜ አረፈደች። ለምን አረፈድሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ያልኩት እንዲህ ነው፤

"ደንብ ቁጥር አራት ምን ይላል?"

ከካርቶኑ ላይ ጥርት አድርጋ አነበበችልኝ።

"እንግዲያው ወላጅሽን ይዘሽ ነይ።"

"እሺ ቲቸር።"

በማግስቱ አንድ ሃምሳ የዘለሉ ሰው ይዛ መጣች። የካኪ ኮት ለብሰዋል፣ ትከሻቸው ላይ የተሸካሚ ገመድ አንጠልጥለዋል። ባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚሸከሙ ሰው ናቸው።

"አባቷ ነኝ" አሉ ጮክ ብለው። "እኔ እቀጣታለሁ! ሁለተኛ አይለምዳትም!"

ትክ ብዬ አየኋቸው። አወቅኋቸው! ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ረባሽ ልጅ አስከትሏቸው መጥቶ "አጎቱ ነኝ" ብለውኝ ነበር፤ ጆሮውን እንኳ ቆንጥጠውልኛል። የኛ ሰፈር ልጅ ወላጅ አምጣ ሲባል እቤት አይሄድም፤ መንገድ ላይ ደህና ፊት ያለው ሰው ፈልጎ፣ ለምኖ ነው የሚመጣው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኛም በልጅነታችን አድርገነዋል።

"ለመሆኑ እርስዎ ስንት ልጅ ነው ያለዎት?" አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጣመኝ፤ አልደብቅም። ስለጣመኝም ጨመርኩበት። "አንቺስ፣ ገና በዚህ ዕድሜሽ አባት ትከራያለሽ? እውነተኛ ወላጅሽን ሳትይዢ ይህን በር እንዳትረግጪ!" ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። እሷ አላለቀሰችም። "እሺ ቲቸር" ብላ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት ሰውየው ብቻቸውን መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙ።

"የዚያን ልጅ አጎት ነኝ ያልኩት ለሲጋራ ብዬ ነው፣ አልዋሽም" አሉ። "ይቺ ግን ምንም አልሰጠችኝም። አባቷን አውቀዋለሁ፣ ባቡር ሠራተኛ ነበር። ፉርጎ ሲቀጥል መሃል ገብቶ ነው የሞተው። እና ባቡር ሥር ግቢ ቢሏት አትገባም፤ እስኪነሣ ትቆማለች። እናቷ ደግሞ በሐምሌ አረፈች። አሁን ያለችው አከራይዋ ቤት ነው፤ እየታዘዘች። ወላጅ ከየት ታምጣ? እኔን ይጻፉኝ፣ እመቤቴ። በጠሩኝ ቀን እመጣለሁ።"

ከማዶ ከሚመጡት ሁሉ ደንብ ቁጥር አምስትን ያከበረችው እሷ ብቻ ነበረች። ያረፈደችውም ስላከበረችው ነው። ይህ እዚያው ቆሜ ገባኝ። ታዲያ ምን አልኩ?

"የአሳዳጊነት ደብዳቤ ከቀበሌ ያምጡ።"

ለምን አልኩ? ኢንስፔክተር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ለአንዷ ብዬ ደንቤን ብጥስ ለሌላው ምን እላለሁ ብዬ ነበር። ሰበብ ነው። እውነቱ፣ አፍሬ ነበር። ሰው ሲያፍር ወይ ይቅርታ ይጠይቃል ወይ ወረቀት ይጠይቃል፤ እኔ ወረቀት ጠየቅኩ።

ሰውየው እሺ ብለው ሄዱ። ቀበሌ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ነገ ይመለሱ ተባሉ። ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባሉ። ምስክር ያምጡ ተባሉ፤ ሁለት ተሸካሚ ጓደኞቻቸውን ወሰዱ። በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ሐምራዊ ማኅተሙ ገና እጅ ያቀልማል። እፎይ አልኩ። "ነገ በጠዋት ይዘዋት ይምጡ" አልኳቸው።

አልተንቀሳቀሱም።

"ሄደች" አሉ። "አከራይዋ ትምህርት ካቆመች ብላ ድሬዳዋ ላለች ዘመዷ ለቤት ሠራተኝነት ሰጠቻት። ዛሬ ጠዋት አሳፈረቻት። እኔ ቀበሌ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ባቡሩ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። የጭነቱ መስሎኝ።"

ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ኢንስፔክተሩ መጣ። ዕቅዴን አገላበጠ፣ ካርቶኑን አነበበ፣ ጸጥ ያሉትን ልጆች አየ፤ ሌሎች ክፍሎችም እንዲገለብጡት አዘዘ። እጄ ያምራል ተብሎ የገለበጥኩትም እኔው ነኝ። ዓመቱን ሙሉ በየክፍሉ በገባሁ ቁጥር ያው ደንብ ቁጥር አራት ግድግዳ ላይ ሆኖ ያየኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ጠይቁልኝ እላለሁ። የማንን ቤት ነው የሚጠይቁት? እኔ ራሴ አልሄድኩም። ሩቅ ነው እላለሁ። ባቡሩ ደግሞ በደጃችን ነበር የሚያልፈው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የዓመቱን ማጠቃለያ ቅጽ ሞላሁ። ያቋረጡ፦ አንድ። ምክንያት፦ የቤተሰብ ችግር። ሁላችንም የምንጽፈው እንደዚያ ነው፤ ማንም መልሶ አይጠይቅም። እኔም በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ደብዳቤው እስካሁን ከኔው ዘንድ አለ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል። እዚያ ላይ እንደተጻፈው ልጅቷ ቤተሰብ ነበራት። ክፍሌ ድረስ መጥቶ ቆሞ፣ ይጻፉኝ ሲለኝ፣ አልጽፍም ያልኩት እኔ ነኝ።